በልጆች ላይ የሚደርስ ጥቃትን የሚመረምር ስፔሻሊስት ሐኪም ለመሆን ፌሎውሺፕ (ከሬዚደንሲ በኋላ ያለውን ተጨማሪ ስልጠና) የገባችሁ አላችሁ?

ሬዚደንቷ፦
ሰላም ለሁላችሁ። አሜሪካ ፔዲያትሪክስ (የልጆች ሕክምና) ሬዚደንሲ ሁለተኛ ዓመት ላይ ነኝ። ባለፈው ተረኛ ሆኜ የሦስት ወር ልጅ ያስለዋል ብለው አመጡት፣ ሳዳምጠው ኮፍያውን አወለቅኩት፣ የጆሮው ጠርዝ በልዟል። ገና እንኳን አይገለበጥም! የጥቃት ስፔሻሊስቷ መጥታ ከእናትየው ጋር ተቀምጣ ስታወራ ድምጿን አንዴም ከፍ አላደረገችም፣ ከዛ ቀን ጀምሮ ይሄን ካልተማርኩ እያልኩ ነው። እናቴ ግን «ልጅ ልታክሚ ነው ፖሊስ ልትሆኚ» ትለኛለች። የገባችሁበት ንገሩኝ።

የልጆች ሐኪም፦
እህቴ እኔ ጨርሼ እየሠራሁ ነው። ከሬዚደንሲ በኋላ 3 ዓመት ነው፣ የቦርድ ፈተናው የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2009 ስለሆነ ገና ወጣት ሙያ ነው፣ ሰውም ጥቂት ነው። ለእናትሽ እንዲህ በያት፣ ከሥራችን ትልቁ ክፍል «ይሄ ጥቃት አይደለም» ማለት ነው። የኛ ልጆች ብዙዎቹ ወገባቸውና መቀመጫቸው ላይ ሰማያዊ ምልክት ይዘው ነው የሚወለዱት፣ የማያውቅ ሰው ካየው ተመታ ብሎ ሪፖርት ያደርጋል፣ አጥንታቸው በተፈጥሮ በቀላሉ የሚሰበር ልጆችም አሉ። ጥቃት የጠረጠርሽበት ልጅ ከሁለት ዓመት በታች ከሆነ ሙሉ የአጥንት ራጅ ታነሺና ከሁለት ሳምንት በኋላ ትደግሚዋለሽ፣ ምክንያቱም አዲስ የጎድን አጥንት ስብራት መጀመሪያ ላይ ሊያመልጥሽ ይችላል፣ መዳን ሲጀምር ነው ቁልጭ ብሎ የሚታየው። ፍርድ ቤት መቆም ይከብዳል፣ አልዋሽሽም። ግን ሳትጠራጠሪ ግቢ።

ነርስ ከአዲስ አበባ፦
እኛ ጋ በዚህ ብቻ የሰለጠነ የሕፃናት ሐኪም አብሮኝ ሠርቶ አያውቅም። ጋንዲ ሆስፒታል ሕክምናውም ፖሊሱም ዓቃቤ ሕጉም አንድ ቦታ የሚገኙበት ማዕከል አለ፣ ተመስገን ነው። እኔ በፊት የነበርኩበት ቦታ ግን አንዲት የሰባት ዓመት ልጅ የደረሰባትን ካርድ ክፍሉም፣ እኔም፣ ሐኪሙም፣ ፖሊሱም ጠየቅናት፣ አራተኛው ላይ ዝም አለች፣ ጫማዋን ብቻ እያየች። እስካሁን አልወጣልኝም። ዶክተር፣ ስፔሻሊስት የሌለን ሰዎች ምን እናድርግ?

የልጆች ሐኪም፦
ነርስ፣ አንዴ ብቻ ትጠየቅ፣ እሱም በሰለጠነ ሰው። አንቺ ለሕክምናው የሚያስፈልግሽን ብቻ ጠይቂ፣ «አባትሽ ነው?» ብለሽ መልሱን አፏ ላይ አታድርጊባት። ያለችውን በራሷ ቃል ጻፊው፣ «እዚህ ጋ አመመኝ» ካለች እንደዛው ይጻፍ፣ በሕክምና ቋንቋ አታሳምሪው። ቁስሉን ማስመሪያ አጠገቡ አድርገሽ ፎቶ አንሺ፣ ሰዓቱንም መዝግቢ።

ሬዚደንቷ፦
ነርስ የጻፍሽው አስለቀሰኝ። ዶክተር አመሰግናለሁ፣ ለእናቴ የሰማያዊውን ነገር ስነግራት «አንቺም እኮ እንደዛ ነበርሽ» አለችኝ። ማመልከቻዬን ጀምሬያለሁ።