የጓሮ አትክልት መደብ በግቢያችን፦ ለወረዳ የሚገባው ፕሮፖዛል (የዕቅድ ውይይት)

ጸሐፊ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ለወረዳው የከተማ ግብርና ጽሕፈት ቤት የምናስገባው መነሻ ረቂቅ ይኸውላችሁ። ቦታው ከብሎክ 3 በስተ ሰሜን ያለው ክፍት ሜዳ ሲሆን 20 መደብ ይሠራበታል፤ አንዱ መደብ 1.2 ሜትር በ5 ሜትር ነው። የሚተከለው ቲማቲም፣ ቃሪያ፣ ቀይ ሽንኩርት፣ ቆስጣ፣ ጎመንና ካሮት ነው። የተመዘገበው 40 ቤተሰብ ነው። የምንጠይቀው ችግኝ፣ የእጅ መሣሪያና የባለሙያ ድጋፍ ነው። ተከላው መስከረም ላይ ይጀመራል። እስከ እሑድ አስተያየታችሁን ጻፉልኝ፤ አስተካክዬ ለፊርማ አቀርባለሁ።

ብሎክ 4 ተወካይ፦ ቦታው ይታሰብበት። አሁን ግንቦት ስለሆነ ሜዳው ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ይመታዋል፤ የሚያታልለውም ይኼ ነው። በዚህ ወቅት አዲስ አበባ ላይ ፀሐይ እኩለ ቀን ላይ ከአናታችን ትንሽ ወደ ሰሜን ታጋድላለች። ከነሐሴ መጨረሻ ወዲህ ወደ ደቡብ ትሄድና ታኅሣሥ ላይ 15 ሜትር ቁመት ያለው ጂ+4 ሕንጻ በእኩለ ቀን እንኳ ወደ ሰሜን 9 ሜትር ተኩል ያህል ጥላ ይጥላል። ጠዋትና ማታ ደግሞ ከዚያ ይረዝማል። እኛ የምናመርተው በበጋ ስለሆነ ግድግዳው ሥር የተሠራ መደብ ወቅቱን በሙሉ ጥላ ውስጥ ይከርማል። ቅጠላ ቅጠል በቀን 4 ሰዓት ፀሐይ ካገኘ ይገፋል፤ ቲማቲምና ቃሪያ ግን ቢያንስ 6 ሰዓት ይፈልጋሉ። ከግድግዳው 10 ሜትር ርቀን እንጀምር።

ብሎክ 1 ተወካይ፦ ከ10 ሜትር ወዲያ ያለው እኮ መኪና ማቆሚያ ነው። ባለመኪኖቹን ማን ያናግርልን?

ሰብሳቢ፦ እኔ አናግራለሁ። ግን 20 መደብ ይዤ አልሄድም፤ በአንዴ ያስወጡኛል። ስንት መደብ የግድ ያስፈልገናል? እሱን ንገሩኝና ልሂድ።

ብሎክ 6 ተወካይ፦ ጋሽ ሰብሳቢ፣ መልሱ ያለው አፈሩ ላይ ነው። ሜዳው ላዩ የግንባታ ሴሌክት (ተጠቅጥቆ የተደለደለ የሙሌት አፈር) ነው፤ ከሥሩ ጥቁር ኮትቻ አለ። ሴሌክቱን ዶማ አይደፍረውም። ኮትቻው ደግሞ በክረምት ውኃ አቁሮ ሥር ያበሰብሳል፣ በበጋ ተሰነጣጥቆ ሥር ይበጥሳል። ስለዚህ መሬቱን መቆፈር ትተን በላዩ 25 ሳንቲ ሜትር ከፍ ያለ መደብ መሥራት ነው የሚያዋጣን። አንዱ መደብ 6 ካሬ ሜትር ስለሆነ 1.5 ሜትር ኪዩብ ይበላል። በ20 ሲባዛ 30 ይሆናል። ሁለት እጅ ቀይ አፈር፣ አንድ እጅ ኮምፖስት ብንል 10 ሜትር ኪዩብ ኮምፖስት ማለት ነው። ክምሩ ሲበስል መጠኑ ወደ ግማሽ ስለሚወርድ 20 ሜትር ኪዩብ ጥሬ ዕቃ ከየት እናመጣለን? 8 መደብ ከሆነ ግን 8 ሜትር ኪዩብ አፈርና 4 ሜትር ኪዩብ ኮምፖስት ይበቃል። ጥሬ ዕቃው አንድ አንድ ሜትር ኪዩብ የሆነ ስምንት ክምር ነው፤ ይህን እንወጣዋለን።

ብሎክ 2 ተወካይ፦ 40 ቤተሰብ ተመዝግቦ 8 መደብ? ሰው ገና ሲጀምር ይበተናል! ኮምፖስት ካነሰ ትኩስ የዶሮ ኩስ መግዛት ይቻላል፤ ዶሮ አርቢዎች በጆንያ ይሸጣሉ።

ብሎክ 6 ተወካይ፦ ትኩሱን ኩስ በቀጥታ መደብ ላይ ካደረግነው ችግኙን ያቃጥለዋል። ካሮት ደግሞ ትኩስ ፍግ ካገኘ ሥሩ ሁለትና ሦስት ቦታ ይሰነጠቃል። ኩሱ ክምር ውስጥ ይግባ፣ እዚያ ጥሩ ነው። አብሮት የሚመጣው ሰጋቱራም ክምሩ ውስጥ ይብሰል፤ ሳይበስል አፈር ላይ ከተደባለቀ ናይትሮጅኑን ይሻማና ተክሉ ቢጫ ሆኖ ይቀራል። ከእንጨት ቤት ሰጋቱራ የምታመጡ ደግሞ የችፑድ እንዳይሆን ተጠንቀቁ፤ ሙጫ አለበት።

የክምሩን አሠራር ለፕሮፖዛሉ እንዲመች ልጻፈው። ስፋቱም ቁመቱም 1 ሜትር ይሁን፤ ከዚያ ካነሰ አይሞቅም። ከታች 20 ሳንቲ ሜትር ደረቅ ነገር፦ ሣር፣ ቅጠል፣ የተከታተፈ የጫት ገረባ። በላዩ 10 ሳንቲ ሜትር እርጥብ፦ የአትክልት ልጣጭ፣ የቡና አተላ፣ የታጨደ ለምለም ሣር። ከዚያ ስስ ፍግና ጥቂት አፈር፣ ውኃ ማርከፍከፍ፣ እንደገና ከደረቁ መጀመር። የወጥ ትርፍ፣ አጥንትና ዘይት አይገባም፤ አይጥ ይጠራል። በሳምንቱ መሐሉ ላይ ፌሮ ሰክታችሁ አቆዩና ስታወጡት እጅ ላይ ሞቅ ካላለ ወይ ደርቋል ወይ እርጥቡ አንሷል። ከሸተተ ውኃ በዝቶበታል፤ ደረቅ ጨምሮ ማገላበጥ ነው። በእጅ ሲጨመቅ አንድ ሁለት ጠብታ ብቻ ከወጣው ልኩ ነው። በየሦስት ሳምንቱ ይገለበጣል፣ በክረምት ሸራ ይለብሳል። ሦስት ወር ግድም ይፈጃል። ስለዚህ ክምሩ የወረዳውን መልስ አይጠብቅም፤ ግንቦት ሳይወጣ ካልጀመርን ለመስከረም አይደርስም።

ገንዘብ ያዥ፦ የውኃውስ ነገር? በፈረቃ በሚመጣ ውኃ 8 መደብ ራሱ ይከብዳል። በጣሪያ ውኃ እንሰበስባለን የሚል ሰው ነበር።

ብሎክ 4 ተወካይ፦ በበጋ ለአንድ ካሬ ሜትር በቀን 5 ሊትር እንያዝ። ለ8 መደብ 240 ሊትር ይሆናል፣ ማለትም 12 ጀሪካን። ባለ 2,000 ሊትር ሮቶ አንዴ ከሞላ 8 ቀን ይይዘናል፤ ፈረቃውን በደንብ ያሻግራል። በ20 መደብ ቢሆን ኖሮ በአራተኛው ቀን ባዶ ነበር።

የጣሪያውን በተመለከተ፦ 100 ካሬ ጣሪያ ላይ 10 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲወርድ፣ የሚባክነው ተቀንሶ 800 ሊትር ይገኛል። ችግሩ ሮቶው የሚሞላው ሐምሌና ነሐሴ፣ ውኃ በማንፈልግበት ጊዜ መሆኑ ነው። መስከረም መጨረሻ ላይ የቀረችው በሳምንት ታልቃለች። አሸንዳውና ቱቦው ለበልግ ዝናብ ይጠቅማል፣ ይግባ፤ በጋውን ግን የሚያሻግረን የቧንቧው ውኃ ስለሆነ ፕሮፖዛሉ ላይ «በዝናብ ውኃ ብቻ» የሚል ቃል እንዳይኖር። ሮቶው 1 ሜትር ከፍታ ባለው የብሎኬት መደገፊያ ላይ ይቀመጥ፤ ያለ ፓምፕ ይወርዳል። መደቡ ላይ 5 ሳንቲ ሜትር ደረቅ ሣር ቢነሰነስ ትነቱ ይቀንሳል። ክረምት ሲገባ ግን ሣሩ ይነሣ፣ ቀንድ አውጣ ይራባበታል።

ብሎክ 2 ተወካይ፦ እሺ፣ 8 ይሁን። ግን ቲማቲም ከሌለበት ሰው ለምን ይለፋል? ገበያ ላይ የሚያቃጥለን እሱ ነው።

ብሎክ 5 ተወካይ፦ እኅታችን፣ የሚያቃጥለን እኮ ለማምረትም አስቸጋሪ ስለሆነ ነው። በክረምት ቅጠሉንና ፍሬውን አጥቁሮ የሚያበሰብሰው በሽታ አለ፤ ከኅዳር እስከ ጥር ደግሞ ውርጭ። እ.ኤ.አ. በ2012 ወደ አገራችን የገባው ቱታ አብሶሉታ የሚባለው ነፍሳት ደግሞ ትሉ ቅጠሉ ውስጥ እየሄደ ወረቀት ያስመስለዋል፣ ፍሬውንም ይበሳል። ከሁሉም በላይ በፈረቃ ውኃ ቲማቲም ማለት ቂጡ የጠቆረ ፍሬ ማለት ነው። አንድ ቀን ደርቆ፣ በማግሥቱ ጠጥቶ ሲውል ካልሲየሙ ፍሬው ጫፍ አይደርስም። ለሙከራ አንድ መደብ ትተን በጥር መጨረሻ እንትከል። ዘሩ ከመልካሳ ምርምር ማዕከል ከወጡት፣ ከመልካ ሾላ ወይም ከመልካ ሳልሳ ቢሆን ጥሩ ነው።

ቆስጣ ግን ሌላ ነገር ነው። በተዘራ በሁለት ወሩ መቀንጠስ ይጀመራል፤ ከዚያ በየሳምንቱ እየተቀነጠሰ ወራት ይቆያል። ጠዋት ጤዛው ሳይደርቅ ተቀንጥሶ ድስት የገባ ቆስጣ ሲቆረስ ቀጭ ይላል፤ ከገበያ የመጣው ጠውልጎ ስለሚደርስ ያ አይገኝበትም። በአቃቂ ወንዝ የጠጣ ይሁን አይሁን ብሎ መጨነቅም የለም። 3 መደብ ቆስጣ፣ 2 ጎመን፣ 1 ሰላጣ፣ 1 ግማሽ ካሮት ግማሽ ቀይ ሥር፣ 1 ቲማቲም ብንል ስምንት ይሞላል። የቲማቲሙ መደብ እስከ ጥር ባዶውን ከሚቀመጥ ሰላጣ ይዘራበት።

ጸሐፊ፦ የችግኙን ቁጥር ለወረዳው በአሃዝ መጻፍ አለብኝ።

ብሎክ 5 ተወካይ፦ ቆስጣ በመስመር መካከል 40፣ በተክል መካከል 25 ሳንቲ ሜትር ይተከላል። በአንድ መደብ 3 መስመር፣ በመስመር 20፤ ለሦስቱ መደብ 180 ችግኝ። ጎመን 40 በ40፣ በመደብ 36፣ ለሁለቱ 72። በሁለቱም ላይ 20 በመቶ መጠባበቂያ ይጨመር፤ ቆራጭ ትል ድርሻውን መውሰዱ አይቀርም። ካሮትና ቀይ ሥር በቀጥታ ይዘራሉ፣ ችግኝ አትጠይቁ። የቀይ ሥር አንዱ ዘር ከአንድ በላይ ቡቃያ ስለሚያወጣ ካልሳሳ ቅጠል ብቻ ይሆናል።

ብሎክ 1 ተወካይ፦ የተባይ መድኃኒትስ እንጠይቅ?

ብሎክ 5 ተወካይ፦ ልጆች በሚሯሯጡበት ግቢ፣ በየሳምንቱ በሚቀነጠስ ቅጠል ላይ? አይሆንም። ለቆራጭ ትል የሃይላንድ ጠርሙስ በ10 ሳንቲ ሜትር ቆርጦ ችግኙን ማጥለቅ፣ 3 ሳንቲ ሜትሩን መቅበር። ትሉ ሌሊት ግንዱን ከአፈሩ ጥግ ነው የሚቆርጠው፤ ጠዋት ከወደቀው ችግኝ ሥር ትንሽ ጫር ቢደረግ ተጠቅልሎ ተኝቶ ይገኛል። የጎመን ክሽክሽ (ቅጠሉን የሚመጠው ደቃቅ ተባይ) ላይ በ1 ሊትር ውኃ አንድ የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና፣ ማታ፣ ከቅጠሉ ሥር። የልብስ ሳሙና ዱቄት ቅጠል ያቃጥላል፣ አደራ።

ገንዘብ ያዥ፦ ቅንጠሳው በማን ነው? ጠብ የሚመጣው እዚያ ላይ ነው።

ሰብሳቢ፦ ቅዳሜ ጠዋት፣ በተረኛ ቡድን። አምስት ቤተሰብ ለአንድ መደብ ያጠጣል፤ ምርቱ ግን ከስምንቱም ተሰብስቦ እኩል ይከፈላል፣ የቲማቲሙ ቡድን ባዶ እጁን እንዳይቀር። ከቆስጣ የውጪውን ቅጠል ብቻ፣ ከውስጥ ቢያንስ አምስት ይቀራል። መሐሉን የቀነጠሰ ሰው ተክሉን ገደለ ማለት ነው።

ብሎክ 1 ተወካይ፦ አጥር ረሳችሁ። የፋሲካ በግ ግቢው ውስጥ ሲታሰር አንድ ሌሊት ከተፈታ ከስምንቱ መደብ የሚተርፍ የለም።

ጸሐፊ፦ 1.2 ሜትር ከፍታ ያለው የሽቦ አጥር ተጨምሯል። ረቂቁ እንዲህ ተስተካክሏል፦ 8 መደብ፣ ከብሎክ 3 ግድግዳ 10 ሜትር ርቆ፤ ከወረዳው የምንጠይቀው 216 የቆስጣና 87 የጎመን ችግኝ፣ አንድ ባለ 2,000 ሊትር ሮቶ፣ የቀይ አፈር ማጓጓዣና የባለሙያ ክትትል፤ ከእኛ ኮምፖስት፣ አጥር፣ አሸንዳና ጉልበት። ገንዘብ ያዥ፣ ለሽቦውና ለአሸንዳው ሦስት ሦስት ፕሮፎርማ እስከ ዓርብ ያምጡልኝ። ጋሽ ሰብሳቢ የባለመኪኖቹን መልስ ይዘው ይምጡ፤ ያለ እሱ ማመልከቻው ላይ የቦታውን ንድፍ መሳል አልችልም። ገረባና ደረቅ ቅጠል ያላችሁ ከነገ ጀምሮ ከብሎክ 6 ጀርባ አራግፉ።