ከሰኔ 12 በፊት፦ በደሴ የቅሬያችን (የእድራችን) የክረምት ዝግጅት የዕቅድ ውይይት

ጸሐፊው፦
እንደምን ሰነበታችሁ ወገኖቼ። ባለፈው ስብሰባ የክረምቱ ጉዳይ ተነሥቶ ሳይቋጭ መሸብን። ለቀበሌው የምናቀርበው የጋራ ሐሳብ በዚህ ሳምንት ማለቅ ስላለበት እዚህ እንጨርሰው። ቅሬያችን አካፋና ዶማ አለው፤ ድንኳን አለው፤ ጥሩምባ ነፊ አለው፤ የየቤቱ ዝርዝር ከነስልኩ አለው። ይህ ሁሉ የሚንቀሳቀሰው ሰው ከሞተ በኋላ ነው። ዘንድሮ አንድ ጊዜ እንኳ ሰው ሳይሞት እናንቀሳቅሰው። ሦስት ነገር አስቤያለሁ፦ ከላይኛው ረድፍ በስተጀርባ የጎርፍ መውረጃ ቦይ መቆፈር፣ ሌሊት አደጋ ሲመጣ ሰፈሩን በጥሩምባ መቀስቀስ፣ ቤቱ ያሰጋውን ሰው በቅሬው ድንኳን ማሳደር። አርሙኝ፣ ጨምሩበት።

አንዲት እናት፣ ከላይኛው ረድፍ፦
ልጄ፣ እድሜ ይስጥህ። ባለፈው ነሐሴ የጓዳዬ በር አልዘጋ አለኝ። እንጨቱ እርጥበት ጠጥቶ አብጦ ነው ብዬ ልጄ በመላጊያ ላጠልኝ። ሳምንት ሳይሞላው እንደገና ነከሰ። ኋላ ሳየው ከግድግዳው ሥር ተነሥቶ እስከ አጥሩ የሚሄድ፣ ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ አለ። በበጋው የተዘጋ መስሎኝ ነበር፤ ትናንት በእንጨት ብለካው ክንዴን ያህል ገባ። ድንኳኑን ግን ተውት። በሐምሌ ብርድ ከልጅ ልጆቼ ጋር ድንኳን ውስጥ አላድርም፤ እቤቴ መቆየትን እመርጣለሁ።

ጡረተኛው ግንበኛ፦
እትዬ፣ በሩን ደግመው አያስልጡት። የተጣመመው መቃኑ ነው፤ መቃኑን ያጣመመው ደግሞ ከሥሩ የሚሄደው መሬት ነው። አጥር ወይም የመብራት እንጨት ሲዘም፣ ዛፍ ወደ ቁልቁለቱ ሲያዘነብል፣ ምንጭ ባልነበረበት ቦታ ውሃ ሲፈልቅ፣ ጥርት ያለው ምንጭ ድንገት ሲደፈርስ፣ ሁሉም የሚናገሩት አንድ ነገር ነው።

ደሴ ከጦሳ ሥር፣ በ2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ተዳፋት ይዛ የተቀመጠች ከተማ ናት። በብዙ ቦታ የቆምንበት አፈር ራሱ ድሮ ከላይ ተንዶ የወረደ ነው። ዋልካው በበጋ ይሰነጠቃል፤ የመጀመሪያው ዝናብ በስንጥቁ ሰተት ብሎ ወደ ውስጥ ይገባል፤ ሐምሌን አልፎ ነሐሴ ሲገባ አፈሩ ውሃ ጠግቦ ይከብድና ተዳፋቱ መሸከም ያቅተዋል። ስለዚህ ሥራው የሚሠራው አሁን፣ መሬቱ ደረቅ ሳለ ነው። ሐምሌ ከገባ በኋላ ተዳፋት መቆፈር ራሱ አደጋ ነው።

ጸሐፊያችን፣ በቦዩ ላይ ግን አልስማማም። ውሃው የት ሊወርድ ነው? እንዳሰብከው ከቆፈርነው በታችኛው ረድፍ ሰዎች ጓዳ ይገባል። ወለሉ በድንጋይና በሲሚንቶ ካልተለበጠ ደግሞ ቦዩ ራሱ ውሃውን ወደ ተዳፋቱ ያሰርጋል። መጀመሪያ በፕላስቲክ ጠርሙስና በቆሻሻ የተደፈነውን ዋናውን መውረጃ እንጥረግ፤ ከዚያ ቦዩን እናገናኘው። ከቀበሌው መጠየቅ ያለብን ሲሚንቶና ድንጋይ ነው፤ ጉልበቱ የእኛ ነው። እያንዳንዱ ቤት አሸንዳ ይግጠም፤ ከቆርቆሮው የሚወርደው ውሃ በቱቦ መውረጃው ውስጥ ይግባ እንጂ ከግድግዳ ሥር አይፍሰስ። የእትዬን ስንጥቅ በጭቃ ደልድለን ላስቲክ እናለብሰዋለን። ይህ ዝናቡን ይከለክላል እንጂ መሬቱን አያቆመውም፤ ስለዚህ ማደሪያ ያስፈልጋቸዋል። ለግቢ ማስፊያ ብሎ ተዳፋቱን ከሥሩ የሚቆርጥ ሰው ካለም ዛሬውኑ ያቁም፤ የላይኛውን ጎረቤቱን እግር እየቆረጠ ነው።

ከሰፈሩ ወጣቶች አንዱ፦
ጅጌው (የደቦው ሥራ) ላይ እኛ አለን። መሬት ቢናድም ሁላችንም አካፋ ይዘን ወዲያው እንደርሳለን፤ ይህም ይጻፍልን።

ጸሐፊው፦
ወንድሜ፣ ልብህን አውቀዋለሁ። ሐምሌ 15 ቀን 2016 በጎፋ ዞን የሆነውን ግን አስብ። በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩትን ለማውጣት የተሰበሰበው ሰው ነው ሁለተኛው ናዳ የወረደበት። ከ200 በላይ ሰው አለቀ። ስለዚህ የምጽፈው እንዲህ ነው፦ አንድ ሰው ከጎን፣ ከፍ ካለ ቦታ ቆሞ ተዳፋቱን ብቻ ይመለከታል፤ እሱ ሳይቆም ማንም አይገባም፤ ፊሽካ ሲነፋ አካፋውን ጥሎ የማይወጣ ሰው የለም።

ጥሩምባ ነፊው፦
ፊሽካን ካነሣህ እኔም ልናገር። ሃያ ዓመት ነፍቻለሁ፤ ጥሩምባዬን ሌሊት የሰማ ሰው ምን እንደሚያደርግ አውቃለሁ። ይቀመጣል፣ «ማን ይሆን?» ይላል፣ ስም እስክጠራ ጸጥ ብሎ ያዳምጣል፣ ከዚያ ነጠላውን አዘቅዝቆ ቀስ ብሎ ይወጣል። ያን ሌሊት የሚያስፈልገን ልጁን አቅፎ የሚሮጥ ሰው ነው። ጥሩምባው ለሞት ይቅር። ለየአምስት ቤቱ አንድ ፊሽካ ይሰጥ፤ ሦስት ረጅም ፉጨት ማለት ዕቃ ሳታነሣ ወደ መስጊዱ ሜዳ ውጣ ማለት ይሁን። በቀን ብርሃን ሁለት ጊዜ እንለማመደው፤ ልጆች ካልሰሙት ሌሊት አያውቁትም። በመስጊዱ ድምፅ ማጉያ ይሁን ያላችሁም ነበራችሁ። መልካም ነው፤ ነገር ግን ከባድ ዝናብ ሲጥል መብራቱ ቀድሞ ይጠፋል።

ነርሷ፦
እኔ የምፈራው ቤት ውስጥ ያለውን ነው። ብርዱ ሲበረታ ከሰል አቀጣጥሎ፣ በርና መስኮት ጠርቅሞ መተኛት ይበዛል። «ጭሱ አልቋል፣ ፍሙ ቀልቷል፣ ምንም አያደርግም» ይባላል። ገዳዩ ጋዝ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ከቀላው ፍምም ይወጣል። ራስ ምታት፣ ማዞርና ማቅለሽለሽ አብረው የቤቱን ሰው ሁሉ ከያዙ ጉንፋን አይደለም፤ ወዲያው ወደ ውጭ፣ ከዚያ ወደ ሐኪም። ምድጃው ከመኝታ በፊት ከቤት ይውጣ። ይህን በየቡናው ላይ እናቶች እንዲናገሩልኝ እለምናለሁ። ስለ መብረቅ አንድ ቃል፦ ብልጭ ካለ በኋላ እስከ 30 ሳትቆጥሩ ነጎድጓዱ ከተሰማ ልጆቹን አስገቡ፤ ከባሕር ዛፍ ሥር አይጠለሉ።

ኮምቦልቻ የምትኖር አባላችን፦
እኛንም አስቡን። ቦርከና ከእናንተ ዘንድ ወደ እኛ ይወርዳል። እዚህ ሰማዩ ጥርት ብሎ እናንተ ላይ ሲያወርደው ውሃው ሳናስበው ይደርሳል። ሐምሌ 30 ቀን 1998 ሌሊት ድሬዳዋን የመታው ጎርፍም ከላይ ከደጋው የመጣ ነው። ደሴ ላይ ዝናቡ ሲከብድ አንድ ሰው ይደውልልኝ፤ በወንዙ ዳር ያሉትን ዘመዶቻችንን እኔ አነሣለሁ።

ጸሐፊው፦
ተቀብያለሁ። ድንኳኑ ከማደሪያነት ወጥቶ የዕቃ መጠለያ ሆኗል። ቦዩ ከመውረጃው ጠረጋ በኋላ፣ በግንበኛችን ልኬት ይሠራል። የኢትዮጵያ ሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩት በየአሥር ቀኑ የሚያወጣውን ትንበያ እኔ አነብባለሁ፤ ወደ ኮምቦልቻም የምደውለው እኔ ነኝ። ፊሽካውን ከካዝናው እንገዛለን። የመጀመሪያው ጅጌ ቅዳሜ ጠዋት 1 ሰዓት ነው። የቀረው የእትዬ ማደሪያ ነው።

ከታችኛው ረድፍ፣ አንድ አባት፦
የቀረ ነገር የለም። ሳሎናችን ሰፊ ነው፤ ባለቤቴ ፍራሹን ዛሬ ፀሐይ ላይ አስጥታዋለች። እትዬ፣ ዝናብ በመታ ማታ ሁሉ ራት ከእኛ ጋር ነው፤ ልጆቹን ሳይጨልም ይዘው ይውረዱ።

እናት፣ ከላይኛው ረድፍ፦
እሺ፣ እወርዳለሁ። ድመቷንም ይዤ ነው የምመጣው።