ኧረ ድረሱልኝ! የአጎቴ የዱቤ መዝገብ ተበላሸ

የአራዳዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ለአጎቴ ሱቅ በፓይተን (በፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ) የዱቤ መዝገብ ሠርቼ ነበር። ዛሬ በኤክሴል ስከፍተው ብሩ ደህና ነው፣ ስሙ ግን በሙሉ የማይነበብ ምልክት ሆኗል። ነገ ቅዳሜ ነው፤ ባላገሩ ገበያ ሲወጣ ዱቤውን ሊከፍል ይመጣል። ደብተሩን ያስተውኩት እኔ ነኝ። የሰው ስም ጠፋ ማለት ነው? እባካችሁ ቶሎ!

ፊደል ቆጣሪ፦
እህቴ፣ ችግሩ መሠረት ላይ ነው። ሁሉም ሁለት ቪዲዮ ያይና ፕሮጀክት ይላል። መጀመሪያ ሉፕ፣ ከዚያ ፈንክሽን፣ ከዚያ ፋይል። ፋሲል ግንብ ከጣሪያው አልተጀመረም።

የማራኪ ልጅ፦
ኮምፒውተሩን አጥፍተሽ አብሪው።

ሳቂታው፦
ደብተር ጥላችሁ ደብተራ ልትፈልጉ ነው በሉኛ 😄 አይዞሽ፣ የሚያውቅ ይመጣል።

አዘዞ፦
ምንም አልጠፋም። ብቻ ኤክሴሉ ላይ ሴቭ እንዳትዪ! ሳትነኪው ዝጊው። ፋይሉን ኮፒ አድርገሽ አስቀምጪና ኮፒውን በኖትፓድ ክፈቺው፤ ስሞቹን ታያለሽ።
ኮድሽ ላይ ዩቲኤፍ 8 (የሁሉንም ቋንቋ ፊደል ኮምፒውተር ላይ ማስቀመጫ ዘዴ) ብለሽ ጽፈሻል መሰለኝ። ባትጽፊ ዊንዶውስ ላይ ገና ሲመዘግብ ኤረር ይሰጥሽ ነበር። በዩቲኤፍ 8 አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። ኤክሴል ፋይሉ መጀመሪያ ላይ "ይሄ ዩቲኤፍ 8 ነው" የሚል ምልክት ካላገኘ በዊንዶውስ የቆየ የፊደል ኮድ ያነበዋል፤ አንዱን ፊደል ሦስት አድርጎ ያሳይሻል። ቁጥር በሁለቱም አንድ ስለሆነ ብሩ ደህና ሆነ።
ለዛሬ ማታ፦ ባዶ ኤክሴል ክፈቺ፣ ዳታ፣ ፍሮም ቴክስት፣ ከዚያ 65001 (የዩቲኤፍ 8 ቁጥር ነው) ምረጪ። ለወደፊቱ ኮዱ የድሮውን አንብቦ በ"ዩቲኤፍ-8-ሲግ" (ያን ምልክት መጀመሪያ ላይ ይጨምራል) አዲስ ፋይል ላይ ይጻፈው።

የማራኪ ልጅ፦
አጥፍተሽ አበራሽው?

ባለሱቁ፦
ልጄ፣ ደብተሩን ለምን ተዋችሁት? ዱቤ መተማመን ነው። ሰውየው ሲከፍል ስሙ ሲሰረዝ በዓይኑ ማየት ይፈልጋል። መብራት ሲሄድስ? ቢያንስ ሁለት ወር ሁለቱንም ያዙ።

የዕቁብ ጸሐፊ፦
ባለሱቁ እውነታቸውን ነው፣ ግን ሥራሽን እንዳትተዪ። ፊደል ቆጣሪ፣ እኔ ፋይልን የተማርኩት የእናቴን ዕቁብ ስመዘግብ ነው። አንዲት ሴት ሁለቴ ዕጣ ሊወጣላት ነበር። አንዱ ቦታ "ፀሐይ"፣ ሌላው ቦታ "ጸሀይ" ብዬ ጽፌያታለሁ። ለኮምፒውተር ሁለት ሰው ናቸው። አንቺም ይገጥምሻል። ከመፈለግሽ በፊት ሐንና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ ቀይሪ፤ ከነእርባታቸው። ይሄን ቪዲዮ ላይ አላገኘሁትም።

የአራዳዋ፦
በኖትፓድ ከፈትኩት፣ አሉ! የመጀመሪያው መስመር "እማሆይ፣ ስኳር 2 ኪሎ" ይላል። እግዜር ይስጥልኝ አዘዞ። አጎቴ አጠገቤ ነው፣ ደብተሩንም አውጥቷል። የእኛ ኤክሴል 2010 ነው፣ ይሠራል?

አዘዞ፦
ይሠራል። ዳታ ውስጥ በግራ በኩል ነው። ግን 2010 ላይ ሴቭ ስትዪ "ሲኤስቪ ዩቲኤፍ 8" የሚል ምርጫ የለም (ሲኤስቪ ማለት ሰንጠረዥ የሚይዝ ተራ የጽሑፍ ፋይል ነው)። በተራው ሲኤስቪ ሴቭ ካልሽ ፊደሉ ሁሉ የጥያቄ ምልክት ይሆናል፣ ያ አይመለስም። ለማየት ብቻ ተጠቀሚበት።

ፊደል ቆጣሪ፦
ተሳካ? የፈለገችውን ኮድ እኔ ልጽፍላት እችላለሁ።