የመጨረሻዎቹ ባለ ሸራ የጭነት መርከቦች ምን በላቸው?

ብሩክ_ለንደን፦

ሰላም ቤተሰብ። ባሕርና የድሮ ታሪክ የምትወዱ ካላችሁ እስቲ አንዴ ወደዚህ ኑ።

እዚህ ለንደን ግሪኒች ውስጥ ካቲ ሳርክ የምትባል ባለ ሸራ መርከብ አለች። ለንደን የኖራችሁ ሳታዩዋት አትቀሩም። በቅርቡ ገብቼ በደንብ ጎበኘኋት፣ ከዚያ ወዲህ ስለ እነዚህ መርከቦች ሳነብ ነው የማመሸው። የተሠራችው ስኮትላንድ፣ ዱምባርተን ነው፣ ሻይ ከቻይና እንድታመጣ። ውሃ ላይ የወረደችው ኖቬምበር 22 ቀን 1869 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው)። የስዊዝ ቦይ የተከፈተው ደግሞ ኖቬምበር 17 ቀን 1869! አምስት ቀን ብቻ ቀድሞ። ማለትም ገና ስትወለድ ሥራዋን የሚነጥቃት መንገድ ተከፍቶ ጠበቃት።

ታዲያ ሁለት ነገር አልገባኝም። አንደኛ፣ ቦዩ ከተከፈተና የእንፋሎት መርከብ ከመጣ በኋላ ሰዎች ለምን እስከ 1890ዎቹ ድረስ ትልልቅ ባለ ሸራ የጭነት መርከቦች ሲያሠሩ ቆዩ? ነጋዴ ገንዘቡን ዝም ብሎ ባሕር ውስጥ አይጥልም። ሁለተኛ፣ እነዚያ ሁሉ መርከቦች የት ደረሱ? ዛሬ የቀሩት በጣም ጥቂት ናቸው። ሁሉም ሰጥመው ነው? የተረፉትስ ከሌሎቹ በምን ተሽለው ተረፉ? ይሄኛው ነው በይበልጥ የሚከነክነኝ።

ባሕረኛው፦

ብሩክ ወንድሜ፣ ጥሩ ጥያቄ አነሳህ። ብዙ ዓመት መርከብ ላይ ሞተር ክፍል ነው የሠራሁት፣ ስለዚህ ከሞተሩ ልነሳ።

የመጀመሪያዎቹ የእንፋሎት መርከቦች ከሰል አይጠግቡም ነበር። ረጅም መንገድ ሲሆን ለዕቃ የሚሆነውን ቦታ ከሰሉ ራሱ ይሞላዋል፣ ትርፍ የለውም። በ1860ዎቹ አጋማሽ አልፍሬድ ሆልት የሚባል የሊቨርፑል ሰው አንዱን እንፋሎት ደጋግሞ የሚጠቀም ሞተር መርከቦቹ ላይ ገጠመና የከሰሉ ፍጆታ በጣም ወረደ። ስዊዝ ሲጨመርበት የቻይና መንገድ ለእንፋሎት አዋጭ ሆነ። ሻይ ውድ ዕቃ ነው፣ ቀድሞ የደረሰ ያተርፋል። ስለዚህ ሻዩን እንፋሎቱ ወሰደው። ካቲ ሳርክም ሻይ የጫነችው እስከ 1870ዎቹ መጨረሻ ገደማ ብቻ ነው፣ ከዚያ ከአውስትራሊያ የበግ ፀጉር ማመላለስ ጀመረች፣ እውነተኛ ስሟንም ያገኘችው እዚያ ነው። በ1885 ከሲድኒ ለንደን በ73 ቀን ገብታለች።

ግን ዓለም ላይ የሚጫነው ሻይ ብቻ አይደለም። ስንዴ አለ፣ ጣውላ አለ፣ ከቺሊ የሚመጣ ለማዳበሪያና ለባሩድ የሚሆን ናይትሬት አለ፣ የድንጋይ ከሰል አለ። እነዚህ ርካሽ ናቸው፣ አይበላሹም፣ ሁለት ወር ቢዘገዩ የሚሞት ሰው የለም። ንፋስ ደግሞ በነጻ ነው። በዚያ ላይ መርከቦቹ ከእንጨት ወደ ብረት፣ ቆይቶም ወደ አረብ ብረት ተቀየሩ። ገመዱም ሽቦ ሆነ። ስለዚህ በጣም ትልቅ መርከብ በጥቂት ሰው ማንቀሳቀስ ተቻለ።

አንድ ምሳሌ ልስጥህ። ባልክሉታ የምትባለው በ1886 ግላስጎ አካባቢ ተሠራች። በመጀመሪያ ጉዞዋ ከካርዲፍ 2,650 ቶን የድንጋይ ከሰል ጭና፣ በደቡብ አሜሪካ ጫፍ በኬፕ ሆርን ዞራ፣ ከ140 ቀን በኋላ ሳን ፍራንሲስኮ ገባች። መርከበኞቹ 26 ብቻ ነበሩ። ሃያ ስድስት ሰው! ከዚያ የካሊፎርኒያ ስንዴ ጭና ተመለሰች። ለዚህ ሥራ ያኔ ከባለ ሸራ መርከብ የተሻለ አልነበረም።

ሌላም የሚደንቅ ነገር አለ። በየሩቅ ወደቡ የእንፋሎት መርከቦቹ የሚሞሉትን ከሰል ተሸክመው ከሚያደርሱት መካከል ባለ ሸራዎቹ ብዙ ነበሩ። ተቀናቃኛቸውን የሚቀልቡት እነሱው ናቸው ማለት ነው።

የቀይባሕር_ታሪክ፦

ባሕረኛው ጋሼ ያሉትን ልቀጥልበት፣ ምክንያቱም እዚህ ጋ የእኛ ታሪክ ይገባል።

ለምን ባለ ሸራዎቹ ራሳቸው በስዊዝ አልሄዱም? አንዱ ነገር ቦዩ ውስጥ በሸራ መሄድ አይቻልም፣ ጎታች መክፈል ያስፈልጋል። ዋናው ግን ቀይ ባሕር ነው። በሰሜኑ ክፍል ዓመቱን ሙሉ ለማለት ይቻላል ንፋሱ ከሰሜን ይመጣል። ወደ ስዊዝ ለሚወጣ ትልቅ ባለ ሸራ ፊት ለፊት ማለት ነው። ግራና ቀኙ ደግሞ የዛጎል ድንጋይ ነው፣ ወዲያ ወዲህ እያሉ ንፋሱን ለመብላት ቦታ የለም። ስለዚህ አፍሪካን ዞረው በደቡብ መሄዱን ቀጠሉ።

የእንፋሎት መርከብ ንፋሱ ግድ የለውም፣ ከሰል መሙያ ግን ይፈልጋል። እንግሊዞች ኤደንን ከ1839 ጀምሮ ይዘዋል። ፈረንሳዮች ዛሬ ጅቡቲ ውስጥ ያለውን ኦቦክን በ1862 ገዙ። አሰብስ? ጣሊያናዊው ጁሴፔ ሳፔቶ ከአካባቢው ሱልጣኖች ጋር የግዢውን ውል የፈጸመው እዚያው ኖቬምበር 1869 ላይ ነው፣ ቦታው የሩባቲኖ የመርከብ ኩባንያ ጣቢያ እንዲሆን። በ1882 የጣሊያን መንግሥት ተረከበው፣ ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ብሩክ፣ አንተ ካቲ ሳርክ ውሃ ላይ የወረደችበትን ወር ስትጽፍ እኔ ወዲያው አሰብ ትዝ አለኝ። ያ አንድ ወር በሻይ ነጋዴዎቹ ላይ ብቻ አይደለም የዞረው።

ብሩክ_ለንደን፦

ሁለታችሁም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የአሰቡን ነገር ከዚህ ጋር አገናኝቼው አላውቅም ነበር።

እኔን በጣም የያዘኝን ታሪክ ልጻፍላችሁ። በ1872 ካቲ ሳርክና ተቀናቃኟ ቴርሞፓይሌ ሻይ ጭነው ከሻንጋይ አብረው ተነሱ። ካቲ ሳርክ በብዙ መቶ ማይል እየመራች ሕንድ ውቅያኖስ ላይ ወጀብ መታትና የኋላ መሪዋን ነቅሎ ወሰደው። የባለቤቱ ወንድም መርከቧ ላይ ነበር፣ በቅርብ ያለ ወደብ ገብተን እንጠግን አለ። ካፒቴን ሙዲ አሻፈረኝ አለ። ከትርፍ ምሰሶ እንጨት ጠርበው፣ ወለሉ ላይ ምድጃ አቀጣጥለው፣ ብረት እየቀጠቀጡ አዲስ መሪ ሠሩ። መርከቧ እንዲያ እየተናጠች! አንዴ ምድጃው ተገልብጦ ወናፍ ይነፋ የነበረውን የካፒቴኑን ልጅ አቃጠለው። መሪውን ገጥመው ለንደን የገቡት ከቴርሞፓይሌ አንድ ሳምንት ብቻ ዘግይተው ነው። ለእኔ እሽቅድምድሙን ያሸነፉት እነሱ ናቸው።

ቴርሞፓይሌስ ምን ሆነች? ሁለተኛው ጥያቄዬም አልተመለሰም።

ባሕረኛው፦

ቴርሞፓይሌ በመጨረሻ ለፖርቱጋል የባሕር ኃይል ተሸጠች። አርጅታ ከአገልግሎት ስትወጣ በ1907 ካሽካይሽ ፊት ለፊት ወስደው በክብር ሥነ ሥርዓት በቶርፒዶ አሰጠሟት። ከሁሉም የተሻለ አሟሟት ነው እላለሁ።

አብዛኞቹ ግን እንዲህ አላማረላቸውም። ኬፕ ሆርን ብዙዎቹን በልቷል። ከሰል የጫኑት ሆዳቸው ውስጥ ከሰሉ በራሱ ግሎ ይነሳና ውቅያኖስ መሀል ይቃጠላሉ። ሬድዮ አልነበረም። አንድ መርከብ ከወደብ ወጥቶ ወሬው ከጠፋ፣ ለንደን ያለው የመርከብ መድን ገበያ ሎይድስ ቆይቶ ቆይቶ ጠፍቷል ብሎ ይመዘግበዋል፣ በቃ። የሟቾቹ ቤተሰብ የሚያገኘው መልስ ያ ብቻ ነው። ይሄ ሁልጊዜ ልቤን ይነካዋል። እኛ ባሕር ላይ እያለን ቤት ስልክ መደወል እንችል ነበር።

ከዚያ የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት መጣ። ባለ ሸራ መርከብ ከሰርጓጅ አያመልጥም፣ ንፋስ ከሌለ ከናካቴው አይንቀሳቀስም። ጀርመኖች በ1888 የተሠራችውን ፓስ ኦቭ ባልማሃን ማርከው ሞተርና መድፍ ገጥመው ዜአድለር አሏትና አደን ላኳት። የያዘቻቸው አብዛኞቹ ራሳቸው ባለ ሸራዎች ነበሩ። እሷም በ1917 ፓስፊክ ውስጥ የምትገኝ ሞፔሊያ የምትባል ደሴት ላይ ተሰብራ ቀረች። በ1914 ደግሞ የፓናማ ቦይ ተከፍቶ የኬፕ ሆርን መንገድ ራሱ ትርጉሙ ቀንሶ ነበር። ከጦርነቱ ከተረፉት ብዙዎቹ በ1920ዎቹ በቶን እየተመዘኑ ለብረት ቆራጭ ተሸጡ።

ሕይወት_ኒውዮርክ፦

እኔ የብሩክን የመጨረሻ ጥያቄ ልመልስ፣ ለምን እነዚህ ተረፉ የሚለውን። እዚህ ኒውዮርክ ሳውዝ ስትሪት ባለው የመርከብ ሙዚየም ዋቨርትሪ የምትባል አለች፣ እድሉ ሲኖረኝ ሁሉ እሄዳለሁ። ታሪኳን ስታየው መልሱ ራሱ ይወጣል።

በ1885 ሳውዝሃምፕተን ተሠራች፣ ከብረት። መጀመሪያ ከሕንድ አካባቢ ጁት (ጆንያ የሚሠራበት ጭረት) ወደ ስኮትላንድ ታመጣ ነበር፣ በኋላ ያገኘችውን ሁሉ ትጭናለች። በ1910 መጨረሻ ኬፕ ሆርን ላይ ወጀብ ምሰሶዎቿን ሰባበረባት። እንደምንም ፎክላንድ ደሴቶች ደረሰች። ማሠራቱ ከዋጋዋ በላይ ስለሆነ ባለቤቶቿ ሸጧት። የገዛት ሰው ቺሊ፣ ፑንታ አሬናስ አቁሞ ተንሳፋፊ መጋዘን አደረጋት። እዚያ ከ30 ዓመት በላይ ቆመች! በ1947 ወደ ቦነስ አይረስ ተጎትታ ሆዷን ቀደው አሸዋ መጫኛ አደረጓት። በ1966 አንድ አሜሪካዊ የመርከብ አፍቃሪ እዚያ ወንዝ ላይ አሸዋ ተሸክማ አያት። የአሸዋው ሠራተኞች ግን ምን እንደሆነች ያውቁ ነበር፣ ትልቋ ባለ ሸራ እያሉ ነበር የሚጠሯት። በ1968 ለሙዚየሙ ተገዛች፣ በ1970 ኒውዮርክ ገባች።

አሁን ሆዷ ውስጥ ስትወርዱ ባዶ ነው። ከአፍንጫዋ እስከ ጭራዋ አንድ ሰፊ አዳራሽ፣ የብረት አጥንቶቿ ግራና ቀኝ ተደርድረው። ከላይ በተከፈተው በር ብርሃን ይገባል። ግድግዳውን በእጄ ስዳስሰው ብረቱ የተያያዘበት ምስማር ራሱ ጎልቶ ይነካል፣ ብየዳ የለም፣ እያንዳንዱ በእሳት ግሎ በመዶሻ የተመታ ነው።

እና ልብ በሉ፣ ዋቨርትሪን ያተረፋት ያ የወደቀችበት ሥራ ነው። ጤነኛ ሆና ብትቀጥል ኖሮ ወይ ሰርጓጅ ይመታታል፣ ወይ ለቁርጥራጭ ትሸጣለች። ባሕረኛው የጠቀሷት ባልክሉታም እንዲሁ ናት። በ1904 አላስካ አካባቢ ድንጋይ ላይ ወጥታ ተጎዳች፣ የሳልሞን ዓሣ አሻጊ ኩባንያ ከነጉዳቷ በ500 ዶላር ገዛት። ከዚያ እስከ 1930 ድረስ የዓሣ ፋብሪካ ሠራተኞችን በየዓመቱ ስታመላልስ ኖረች፣ በ1954 ሳን ፍራንሲስኮ ያለው ሙዚየም ገዝቶ አሳደሳት። ፎክላንድ ላይ ደግሞ ሌዲ ኤልዛቤት አለች፣ የ1879 ሥራ። በ1913 ተጎድታ ተጥላ መጋዘን ሆነች፣ በ1936 ማሰሪያዋን በጥሳ ዳርቻ ላይ ወጣች፣ እስከ ዛሬ እዚያው ቆማ እየዛገች ነው።

ከሰው ዓይን የራቀ፣ የብረት ዋጋው ከመጎተቻው የሚያንስበት ወደብ ላይ የወደቁት ናቸው የቀሩልን።

ብሩክ_ለንደን፦

ሕይወት እህቴ፣ ይሄ ነው የፈለግሁት መልስ። ካቲ ሳርክንም አሁን በሌላ ዓይን አየኋት። በ1895 ለፖርቱጋሎች ተሸጣ፣ ስሟ ፌሬይራ ተብሎ፣ ባለቤቷ ተቀይሮ፣ ምሰሶዋ ተሰብሮ፣ እስከ 1922 ድረስ ዕቃ ስትጭን ነበር። ያኔ ነው ካፒቴን ዳውማን ፋልማዝ ወደብ ላይ አይቶ የገዛት። በ2007 ስትቃጠልም ለእድሳት ተብሎ ምሰሶዎቿና ብዙ ጣውላዋ ተነስቶ ሌላ ቦታ ስለነበር ነው የተረፈችው።

ግን አንዴ ሙዚየም ከገቡ በኋላ ዳኑ ማለት ነው?

ባሕረኛው፦

አይደለም ብሩክ። ብረትና ጨው ውሃ እንደሆነ እረፍት የላቸውም። በየጊዜው ከውሃ ወጥታ ሆዷ ካልተፋቀና ካልተቀባ፣ የሳሳው ብረት ካልተቀየረ ትበሰብሳለች። ሥራው ደግሞ ከባድ ገንዘብ ይጠይቃል።

ፎልስ ኦቭ ክላይድን እይ። በ1878 ፖርት ግላስጎ የተሠራች ባለ አራት ምሰሶ። ነዳጅ ጭና ሃዋይ ተመላልሳለች፣ አላስካም ተንሳፋፊ የነዳጅ ማከማቻ ሆናለች። በ1963 ለማዕበል መከላከያ ሊያሰጥሟት ሲሉ የሆኖሉሉ ሰዎች ገንዘብ አዋጥተው አዳኗት። ሙዚየም ሆነች፣ ከዚያ ገንዘቡ ደረቀ፣ ሆዷ ተበሳሳ። ስኮትላንድ ያሉ ሰዎች ወደ አገሯ ሊወስዷት ብዙ ደከሙ፣ አልሆነም። በ2025 ከወደብ ጎትተው አውጥተው ውቅያኖስ ውስጥ አሰጠሟት።

በሸራ ሲሄዱ ማየት ከፈለግህ ሁለት ቦታ ልንገርህ። ሳን ዲዬጎ ያለችው ስታር ኦቭ ኢንዲያ በ1863 የተሠራች ናት፣ እስካሁን አንዳንዴ ሸራዋን ዘርግታ ትወጣለች። ሲድኒ ደግሞ ጄምስ ክሬግ አለች፣ 1874። ታዝማኒያ ውስጥ አንድ ወሽመጥ ላይ ተጥላ ነበር፣ በ1972 አንሳፈው አወጧት፣ ዓመታት የፈጀ እድሳት ተደርጎላት አሁን መንገደኛ ይዛ ባሕር ትወጣለች። ሲድኒ ዘመድ ካለህ ትኬቱን ቀደም ብሎ ይቁረጥልህ።