«ያን ቡድን ማንም ቢይዘው ዋንጫ ይበላል» ላላችሁ

መሀል አማካይ፦ የአሜሪካን የሴቶች ብሔራዊ ቡድን ስላሰለጠነችው ጂል ኤሊስ ትናንት እዚህ የተባለው ነገር ሆዴን አሳረረው። «ፊፋ የእግር ኳስ ዋና ኃላፊ አድርጎ የሾማት ሚስት ስላላት ነው፤ ያን ቡድንማ ማንም ቢይዘው ዋንጫ ይበላል።» ማንም? አሜሪካ እኮ ከ1999 እስከ 2015 የዓለም ዋንጫ አልነካችም። ያ «ማንም» 16 ዓመት የት ጠፍቶ ነበር?

ዳኛው፦ ያልኩት እኔ ነኝ፣ አልሸሽም። ሎይድ፣ ሞርጋን፣ ራፒኖ፣ ሶሎ። እነዚህን ይዞ መሸነፍ ነው የሚገርመው።

መሀል አማካይ፦ በ2011ም አራቱም ነበሩ። ፍፃሜው ላይ ጃፓን በመለያ ምት ሸኘቻቸው።

ቀይ ካርድ፦ ያኔ አሰልጣኟ ፒያ ሰንድሃጌ ነበረች። እሷም ሌዝቢያን ናት፣ በአደባባይ ተናግራዋለች። ታዲያ ሚስት መኖሩ የሚጠቅመው ለማሸነፍ ነው ለመሸነፍ? ወስንና ንገረን።

ታክቲከኛ፦ እስቲ ወሬውን ትተን ሜዳ እንግባ። 2015፣ ሩብ ፍፃሜ፣ ከቻይና ጋር። ራፒኖና ሆሊዴይ በካርድ የሉም። ኤሊስ ወጣቷን ሞርጋን ብራያንን ከኋላ አስገባችና ሎይድን ወደፊት ለቀቀቻት። እስከዚያ ድረስ ሎይድ መከላከሉ ላይ ታስራ ስትዳክር ነበር። ከዚያማ ቻይና ላይ አገባች፣ ጀርመን ላይ አገባች፣ ፍፃሜው ላይ ጃፓንን በ16 ደቂቃ ሐትሪክ! ሦስተኛዋ ከመሀል ሜዳ የተመታች ናት።

ዳኛው፦ እና ሁለቱ በካርድ ባይቀጡስ? ዕድል ነው።

ታክቲከኛ፦ 2019 ላይስ? አጥቂዋን ክሪስታል ደንን ግራ ተከላካይ አድርጋ ሰባቱንም ጨዋታ አሸነፈች። በአሰልጣኝነት ሁለት የዓለም ዋንጫ የወሰዱት እሷና የጣሊያኑ ፖዞ ብቻ ናቸው፤ የእሱ በ1934 እና በ1938 ነው።

ዳኛው፦ የ2016ቱን የሪዮ ኦሊምፒክ ለምን ዘለልክ? ሩብ ፍፃሜ ላይ በስዊድን ተባረሩ። በ2017 ደግሞ ተጫዋቾቿ ራሳቸው ፌዴሬሽኑ ዘንድ ከሰሷት ተብሎ ተዘግቧል።

ቀይ ካርድ፦ ሪዮ ላይ ስዊድንን የያዘችው ሰንድሃጌ ናት እኮ! ሶሎ ተናድዳ «ፈሪዎች» አለቻቸው። ፈሪዎቹ ፍፃሜ ገቡ።

መሀል አማካይ፦ ኤሊስ ከሄደች በኋላስ? በ2023 ቡድኑ ጥሎ ማለፉ እንደተጀመረ ወደቀ። ይኸው «ማንም» መጥቶ ያዘልህ።

ዳኛው፦ ተጫዋቾቹ አርጅተው ነው።

ቀይ ካርድ፦ ሲያሸንፉ ተጫዋቾቹ፣ ሲሸነፉ እሷ። ጥሩ ሂሳብ ነው።

ታዛቢ፦ ዋናውን ነገር ሳታችሁት። የተሾመችው በዲሴምበር 2024 ነው። ፊፋ በዚያው ወር የ2034ን ዋንጫ ለሳዑዲ ሰጠ። ሚስትና ልጅ ያላት ሴት እንዴት እዚያ ቢሮ ትቀመጣለች? የኖርዌይዋ ክላቬነስ እኮ እሷም ተጫዋች ነበረች፣ ሚስትም አላት፤ በ2022 ዶሃ ላይ በፊፋ ጉባኤ ስለ ሰብዓዊ መብት ፊፋን ፊት ለፊት ተናገረችው።

መሀል አማካይ፦ ክላቬነስ የፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ናት፣ ተመርጣ ነው የመጣችው። ኤሊስ ተቀጣሪ ናት፣ ሥራዋም ኳስ ነው።

ታዛቢ፦ ስለዚህ ደመወዝ ከበላህ አፍህን ትዘጋለህ ማለት ነው?

መሀል አማካይ፦ እንደዚያ አልወጣኝም።

ታዛቢ፦ ወጥቶሃል፣ ከላይ ተጽፏል።

ዳኛው፦ እሱን ተዉትና አስተዳደሯን እንይ። የአሜሪካው የሴቶች ክለብ ሳንዲያጎ ዌቭ ፕሬዚዳንት ሆና ኬሲ ስቶኒን በአሰልጣኝነት ቀጠሩ። በ2023 የሊጉን ሰንጠረዥ በአንደኝነት ጨረሱ። በ2024 አጋማሽ ላይ ስቶኒ ተባረረች። አስተዳደር ይሄ ነው?

ቀይ ካርድ፦ ዋንጫ ያመጣ አሰልጣኝ የማይባረርበት ክለብ ካለ ጥራልኝ።

ዳኛው፦ ፖዞ ከ1938 በኋላ ተባረረ?

ታክቲከኛ፦ እሱ የያዘው ብሔራዊ ቡድን ነው እኮ ወንድሜ! ስለ ክለብ ነው የጠየቀችህ።