የጎረቤታችን ባል ከሶማሊያ እስር ተመልሶ እኛ ቤት ተደብቆ ነበር፤ አያቴ ዝም ማለቷ ልክ ነው?

የጠላ_ቤት_ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ነገሩ የቆየ ነው፣ ግን ሰሞኑን አያቴ ደግማ ስታወራው ከነከነኝ። የጎረቤታችን ባል በ1969 ሶማሊያ ስትወረን ዘምቶ በዚያው ጠፋ። ደብዳቤ የለ፣ ወሬ የለ። ለቅሶ ተቀመጡለት፣ ተዝካሩም ወጣ፣ ሚስትየውም ቆይታ ሌላ አግብታ ሁለት ወለደች። በ1980 መንግሥቱና ዚያድ ባሬ ተስማምተው ምርኮኞች ሲለቀቁ ሰውየው ከች አለ! ቤቱ ግን አልሄደም። አመሻሽ ላይ ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናንቦ አያቴ ጠላ ቤት ጥግ ይዞ ተቀመጠ። አያቴ የለየችው ጣሳውን ሲቀበል ነው፤ እንደ ድሮው የጣሳውን አፍ በአውራ ጣቱ ዙሪያውን ጠረገው። ምንም አላለችም፣ ቀዳችለት። ሦስት ቀን ጓዳ አሳደረችው። ግማሽ ሰፈር አወቀ፣ ሚስቱ ብቻ ቀረች። መንገር አልነበረባትም?

ማሚቴ_ነኝ፦
ኧረ ነበረባት! አገር ያወቀውን እሷ ብቻ ሳትሰማ ወጥ ስታማስል መዋሏ አያናድድም? ለሱ ያዘናችሁትን ያህል ለሷም እዘኑላት እንጂ።

ዳኛ_አይደለሁም፦
በሕግ በኩል ልጨምር። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሁለት ዓመት ወሬው ያልተሰማ ሰው እንደጠፋ ፍርድ ቤት እንዲወስን መጠየቅ ይቻላል። ዛሬ ባለው የቤተሰብ ሕግም ያ ውሳኔ ጋብቻውን ያፈርሳል። ተዝካር ግን የፍርድ ቤት ውሳኔ አይደለም። ያኔ ደግሞ ማን ፍርድ ቤት ሄዶ ያውቃል? ሰውየው ልክሰስ ቢል ኖሮ ጉድ ይፈላ ነበር።

የሐረር_መንገድ፦
አባቴም ከዚያው እስር ነው የተመለሰው። እናቴ አላገባችም ነበር፣ እሱ ግን ያንን በምን ይወቅ? መጀመሪያ እህቱ ዘንድ አደረ። «ማን እንዳለ ማን እንደሞተ ሳላውቅ በር አላንኳኳም» ይል ነበር። ምስጢሩ የሰውየው ነው ማሚቴ፣ አያትየው ምን ታድርግ?

የጠላ_ቤት_ልጅ፦
አንድ ያልጻፍኩት አለ። በሦስተኛው ቀን ሴትየዋ ራሷ ጌሾ ልትበደር መጣች። እያወሩ ሳለ ከጓዳ አሳለው። ዝም ብላ ቆመች። «እትዬ፣ እንግዳ አለ እንዴ?» «የዘመድ ልጅ ነው፣ መንገደኛ።» ጌሾዋን ይዛ ሄደች። ማለዳ ሰውየው ሊወጣ በሩን ሲከፍቱ ደጃፉ ላይ አገልግል ተቀምጧል፣ ገና ትኩስ። ይዞት ሄደ። አያቴ እስከ ዛሬ «ማን እንዳስቀመጠው አልጠየቅኩም» ነው የምትለው።