የከሰል ማዕድን የደህንነት በጀት፦ ጭምብል ይቅደም ወይስ አየር?

ጥያቄ
ከመሬት በታች የድንጋይ ከሰል በሚያወጣ ኩባንያ ውስጥ የሙያ ደህንነትና ጤንነት ክፍልን በቅርቡ ተረክቤአለሁ። የዚህ ዓመት በጀት አብዛኛው የተመደበው ለሄልሜት፣ ለጭምብልና ለማስጠንቀቂያ ሰሌዳዎች ሲሆን፣ የክፍሉ ውጤት የሚለካው ደግሞ ጉዳት ሳይደርስ ባለፉት ቀናት ብዛት ነው። የአየር ማናፈሻው ማሻሻያ ግን ለሚቀጥለው ዓመት ተላልፏል። አስተዳደሩ ይህን ቅደም ተከተል እንዲለውጥ ለማሳመን በዘርፉ የሠራችሁ ምን መከራከሪያ ታቀርባላችሁ?

መልስ፦ የአየር ዝውውር መሐንዲስ
ክርክሩን ከከሰሉ ከሚወጣው ሚቴን ይጀምሩ። ይህ ጋዝ በአየር ውስጥ ያለው መጠን ከ5 እስከ 15 በመቶ ሲሆን አንድ ብልጭታ ብቻ ያፈነዳዋል፤ ከአየር ስለሚቀልም ከጣሪያ ሥር፣ በተለይም አየር በማይደርስባቸው ጥጋጥጎች ይጠራቀማል። ለዚህም ነው የአሜሪካ ደንብ ሚቴኑ 1 በመቶ ሲደርስ የኤሌክትሪክ መሣሪያዎች እንዲጠፉ፣ 1.5 በመቶ ሲደርስ ደግሞ ሠራተኞች ከአካባቢው እንዲወጡ የሚያዘው። ጋዙን ከዚህ ደረጃ በታች የሚያቆየው በቂ የአየር ዝውውር፣ ካስፈለገም ከሰሉ ከመቆረጡ በፊት ጋዙን በጉድጓድ ስቦ ማውጣት ነው። ሄልሜት እዚህ ላይ ምንም አይፈይድም።

በእኔ ግምት ግን አስተዳዳሪዎች አቅልለው የሚያዩት ብናኙን ነው። ትንሽ የሚቴን ፍንዳታ ወለል ላይ የተኛውን የከሰል ብናኝ አስነሥቶ ሲያቀጣጥለው እሳቱ ማዕድኑን ሁሉ ሊያዳርስ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1906 በፈረንሳይ ኩርዬር የከሰል ማዕድን 1,099 ሰዎች የሞቱት በከሰል ብናኝ ፍንዳታ ነበር። መከላከያው የኖራ ድንጋይ ዱቄት በመተላለፊያዎቹ ላይ መንዛት ሲሆን፣ በአሜሪካ ደንብ መሠረት ከብናኙና ከዱቄቱ ድብልቅ ቢያንስ 80 በመቶው የማይቃጠል መሆን አለበት። ዱቄቱ ውድ አይደለም፤ ውዱ ነገር ሥራውን ሳያቋርጡ በየጊዜው መደጋገም ነው።

መልስ፦ የሙያ ጤና ሐኪም
ጉዳት ያልደረሰባቸውን ቀናት የሚቆጥረው ሰሌዳ የሳንባ በሽታን አያይም። የከሰል ብናኝና ከዐለቱ የሚወጣው ሲሊካ የተባለ ብናኝ የሚያስከትሉት የሳንባ ጠባሳ አብዛኛውን ጊዜ ከብዙ ዓመታት በኋላ የሚገለጥ፣ ፈውስ የሌለውና ሠራተኛው ሥራውን ከተወ በኋላም ሊባባስ የሚችል ነው። ስለዚህ ዛሬ ንጹሕ ሆኖ የሚታየው መዝገብ ስለ ታማሚው ሳንባ የሚናገረው ነገር የለም። ጭምብልም ቢሆን ፊት ላይ በትክክል ካልገጠመ አየር ያሾልካል፣ በላብ ይንሸራተታል፣ ሠራተኛውም ለመነጋገር ያወልቀዋል። ብናኙን ከምንጩ በውኃ ርጭት መያዝና በአየር ማሳሳት ይቅደም፤ ሠራተኞቹም በየጊዜው የደረት ራጅና የሳንባ አቅም ምርመራ ያድርጉ።

መልስ፦ የቀድሞ የፈረቃ ኃላፊ
ከሐኪሙ ጋር በአመዛኙ እስማማለሁ፤ ነገር ግን ሠራተኛው የሚታጠቀው መሣሪያ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2014 በቱርክ ሶማ የከሰል ማዕድን ከሞቱት 301 ሰዎች አብዛኞቹን የገደለው ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለው መርዛማ ጋዝ ነበር። ተራ የብናኝ ጭምብል ይህን ጋዝ አያግድም፤ በጭስ መካከል ለመውጣት የሚያስፈልገው የራሱን ኦክስጅን የሚያቀርብ የማምለጫ መሣሪያ ነው፤ አጠቃቀሙም በጨለማ ሊለመድ ይገባል። በጀቱ ሲከለስ ይህ አብሮ እንዳይቀነስ እሠጋለሁ።

በተረፈ ቀን ቆጠራው ከጉርሻ ጋር ከተያያዘ ሰዎች ጉዳትን መደበቅ ይጀምራሉ። የዓለም የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1995 ስለ ማዕድን ደህንነት ያጸደቀው ቁጥር 176 ስምምነት ሠራተኞች ከባድ አደጋ አለ ብለው በበቂ ምክንያት ሲያምኑ ከቦታው የመውጣት መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። ይህን መብት የተጠቀመ ሠራተኛ በእናንተ ዘንድ ምን እንደሚገጥመው ይጠይቁ።

ጠያቂው
አመሰግናለሁ። አስተዳደሩ በጀቱን በዚህ ዓመት ባይነካ ከምን ልጀምር?

መልስ፦ የአየር ዝውውር መሐንዲስ
አየሩ ከሰሉ እስከሚቆረጥበት ቦታ ድረስ መድረሱን በየፈረቃው ያስለኩ። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ከማራገቢያው ሳይሆን ከተቀደዱ የአየር መጋረጃዎችና ተከፍተው ከሚተዉ በሮች ነው፤ እነዚህን ለመጠገን ማሻሻያውን መጠበቅ አያስፈልግም። የልኬት መዝገቡንም ሠራተኞች በሚያዩት ቦታ ይለጥፉት፤ በሚቀጥለው ዓመት ማራገቢያ ሲጠይቁ በእጅዎ የሚይዙት ማስረጃ እርሱ ይሆናል።